ከግራ ጆሮዬ በታች

ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
ግሪን ቫሊ ራንች፣ ዴንቨር

ለአባዬ፣

ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ወገብዎስ፣ ጆሮዎ ጨርሶ እምቢ አለ ብሎ ጎረቤትዎ ደምሰው ነገረኝ፣ ስልክ ብደውልም ሽ... የሚል ነገር ብቻ ነው የሚሰሙት አለኝ፣ እና ይኸው እንደለመድነው በወረቀት ጽፌ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክለታለሁ፣ እሱም ፎቶ ኮፒ ቤቱ አትሞ ያመጣልዎታል። ጽሑፌ ቢጣመም ይለፉኝ፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ እጅ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። እንዳልክም ደህና ነው፣ ትራኩን ይዞ ቴክሳስ ነው፣ ባል አገባሁ ወይስ ስልክ አገባሁ እላለሁ አንዳንዴ። እህቱ ናዝራዊትም ደህና ናት፣ የምንኖረው እሷ ቤት ነው፣ እሷ ሆስፒታል በሽተኛ ስታጥብ ስታገላብጥ ትውላለች፣ እኔ ልጇን ሔቨንን እይዝላታለሁ። ሔቨን አራት ዓመቷ ነው፣ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው፣ እኔም እንግሊዝኛ የምማረው ከሷ ነው፣ እና ባስ ላይ ሰው ሳናግር እንደ አራት ዓመት ልጅ ነው የማወራው፣ ይስቁብኛል።

ወደጠየቁኝ ልምጣ። ፎቶሽ ላይ በዚህ ሙቀት አንገትሽ ላይ ሻሽ ምን ይሠራል ያሉኝን ነው። የርስዎ ዓይን ደግሞ፣ ጆሮው የጣለውን ሁሉ ዓይንዎ ነው የሚለቅመው። ብርድ መታኝ ልልዎት ነበር፣ እዚህ ግን ሰኔ ማለት እሳት ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ከግራ ጆሮዬ በታች አንገቴ ላይ አንድ ነገር አብጧል። በፋሲካ ሰሞን ሳየው ሽምብራ ነበር የሚያክለው፣ አሁን ባቄላ አልፏል። ንፍፊት ነው ብዬ ተውኩት፣ ልጅ እያለን እግራችን ሲቆስል ብሽሽታችን ላይ ይወጣ የለ፣ እና ይሄዳል ብዬ ጠበቅኩ ጠበቅኩ፣ አልሄደም። ለእንዳልክም አልነገርኩም፣ ለናዝራዊትም። ሻሹ ለዚያ ነው።

አባዬ ሠላሳ ዓመት ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆነው ስንቱን አንገት ዳብሰዋል፣ ይንገሩኝ እስቲ፣ ይገድላል?

ልጅዎ ፈትለወርቅ


ሰኔ 17 ቀን 2017
ዴንቨር

ለአባዬ፣

ወረቀትዎ ደረሰኝ። ደብዳቤ ነው ወይስ የጤና ጣቢያ ካርድ፣ እንዴት ነሽ እንኳ የለውም፣ ጥያቄ ብቻ። እሺ አንድ በአንድ ልመልስ፣ ሔቨን እንቅልፍ ላይ ናት።

ያማል ወይ ላሉኝ አያምም። እሱ እኮ ነው ያስፈራኝ፣ ቢያመኝ ምናለ። ሲጫኑት ይሸሻል ወይ ላሉኝ ድሮ ይሸሽ ነበር፣ አሁን ከሥሩ የተያዘ ነው የሚመስለኝ። ጥርስ ላሉኝ አንዱ መንጋጋዬ ተቦርቡሯል፣ ግን እሱ በቀኝ ነው። ጉሮሮዬን አላመመኝም፣ ጆሮዬም አይመግልም። ድመት ቧጥጣሽ ነበር ወይ ላሉኝ ሳቄ መጣ፣ ሰው በድመት ጥፍር አንገቱ ያብጣል እንዴ? የጎረቤት ድመት አለች፣ ወፍራም ናት፣ ከአጥሩ ወዲያ ሆና ታየኛለች፣ አንነካካም። ሹሩባ ላሉኝ፣ አዎ ለፋሲካ ኦሮራ ሄጄ አንዲት ልጅ አጥብቃ ሠርታኝ ጭንቅላቴ ቆስሎ ነበር፣ እሱ ይሆን? እሱ ነው በሉኝ አባዬ። ፀጉሬን ፈትቼዋለሁ፣ ቁስሉም ድኗል፣ እብጠቱ ግን እዚያው ነው። ላብ ላሉኝ፣ ጠዋት ስነሳ ትራሴ የታጠበ ይመስላል፣ ሙቀቱ ነው ብዬ ነው። ክብደት ላሉኝ ሱሪዬን በመርፌ ቁልፍ ነው የምይዘው፣ ግን የሰኔ ጾም ነው አይደል፣ እሱ ይሆናል።

እንዳታስተኩሺው ላሉኝ፣ እዚህ ማን ይተኩሰኛል ብለው ነው፣ ሽንኩርት ሲያርር እንኳ ጣሪያው ላይ ያለው አላርም ሰፈር ይጠራል።

የመጨረሻዋ ጥያቄ ደምሰው ፎቶ ሲያነሳ ጣቱ አርፎባት ነው መሰለኝ አልተነበበችልኝም። ይቅርታ። ደክሞኛል፣ ምንም ሳልሠራ ነው የሚደክመኝ።

ፈትለወርቅ


ሰኔ 22 ቀን 2017
ሸዋሮቢት

ለፈትለወርቅ፣

ጣቱ አላረፈባትም። የላከልሽን ፎቶ ደምሰው አሳይቶኛል፤ እንኳን ለአንቺ ለእኔም ዓይን ይነበባል። እንደገና በትልቁ እጽፈዋለሁ።

ዴንቨር የገባሽ ጊዜ ደምሽን መርምረው የተኛ ቲቢ አለብሽ፣ አልተነሣም፣ እንዳይነሣ ግን አራት ወር ክኒን ዋጪ እንዳሉሽ ጽፈሽልኛል። ጥር 20 ጀመርኩ፣ ሽንቴ ሚሪንዳ መሰለ ብለሽ የሳቅሽበት ደብዳቤ ይኸው ከፊቴ ነው። ጨረስኩ ያልሽበት ደብዳቤ ግን የለም። ሣጥኑን ገልብጬ ፈለግሁ።

ጨርሰሻል ወይስ አልጨረስሽም?

የአንገት እብጠት ብዙ ምክንያት አለው፤ አብዛኛው ቀላል ነው። የጥርስ፣ የጉሮሮ፣ የጆሮ፣ የራስ ቁስል ይሆንና በሁለት ሦስት ሳምንት ይሄዳል። ወራት የቆየ፣ የማያም፣ ከሥሩ የተያዘ፣ ላብ ያለው ግን በሻሽ የሚሸፈን አይደለም። ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሲጠይቁሽም እውነቱን ተናገሪ። ለሐኪም የሚዋሽ ሰው መድኃኒቱንም ራሱ ይዘዝ።

አባትሽ


ሐምሌ 3 ቀን 2017
ዴንቨር

ለአባዬ፣

አዎ ጨርሻለሁ። ይኸው መለስኩ፣ አሁን አይቆጡኝ።

ሐኪም ጋም ሄድኩ። ኦሮራ ያለ ክሊኒክ ነው፣ ሔቨንን ይዤ በሁለት ባስ፣ መንገድ ላይ ጭማቂዋን ደፋችብኝ፣ ስደርስ እንደ ዝንብ ወረቀት እጣበቅ ነበር። ሐኪሟ ወጣት ናት። ጉሮሮዬን አየች፣ ጥርሴን ቆጠረች፣ ጆሮዬን፣ ጭንቅላቴን፣ ብብቴን፣ ሁሉን ዳሰሰች። ድመቷንም ጠየቀችኝ! እርስዎና እሷ አንድ ትምህርት ቤት ሳትማሩ አልቀራችሁም።

እንግሊዝኛዬ ስለማይበቃ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ አስተርጓሚ ጠራች። ሴትዮዋ ጤና ይስጥልኝ አለች። ድምጿን አውቀዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ከናዝራዊት ጋር አንድ ማኅበር ያለች ሴት ናት፣ ወይም እሷን የምትመስል፣ እንጃ። ስሟን አትናገርም፣ የአስተርጓሚ መለያ ቁጥሯን ነው የተናገረችው። እኔ ግን አበሻ እዚህ ስንት ነው፣ እሑድ እሑድ የምንገናኝ እኛው ነን፣ እሷም ድምፄን አውቃው ይሆናል እያልኩ ነበር የማስበው። ሐኪሟ ወረቀቷን አየት አድርጋ አንድ ነገር አለች፣ ሴትዮዋ ደግሞ በአማርኛ፣ እንደዚህ ቀስ አድርጋ፣ «የቲቢ መድኃኒት ጀምረሽ ነበር ይላል፤ ጨርሰሻል ወይ?» አለችኝ። እኔም ያልኳት ከላይ ለርስዎ የጻፍኩትን ነው።

እሺ ብላ የአሥር ቀን መድኃኒት ሰጠችኝ፣ ተራ ኢንፌክሽን ከሆነ በዚህ ይሄዳል፣ ካልሄደ ተመለሺ አለችኝ። ደምም ቀዳች። ይሄዳል አይደል?

ፈትለወርቅ


ሐምሌ 19 ቀን 2017
ዴንቨር

ለአባዬ፣

ለምን ዝም አልሽ ላሉኝ፣ ዝም አላልኩም፣ የምጽፈው ነው የጠፋኝ። አሥሩን ቀን ጨረስኩ። አልሄደም። እንዲያውም ሦስት ሆነዋል፣ ተያይዘዋል፣ አንዱ ከሌላው ጋር እጅ ለእጅ የተያያዘ ነው የሚመስለው። ናዝራዊትም አወቀች። ከሺፍት ስትመለስ ዕቃ እያጠብኩ ሻሼ ወልቆ ነበር።

«ይሄ ምንድነው?»

«ንፍፊት ነው።»

«ንፍፊት! ሻሽ የሚታሰርለት ንፍፊት? ነይ ወደ መብራቱ። እኔን ነው የምትሸውጂኝ? የሰው ገላ ሳጥብ የምውለውን?»

ዳሰሰችኝና እጇን ቶሎ አነሳች። ከዚያ ስልኳን ይዛ ቁጭ አለች፣ ስታነብ ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። ሊምፎማ የሚባል ነገር አለ አለችኝ፣ ካንሰር ነው። መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃ ከፍታ ስታለቅስ ሰማኋት። አባዬ ይቺ ሴት እኮ ቁጡ ናት፣ ሰሃን ያለቦታው ሳስቀምጥ ጣሪያ የምትነካ ሴት ናት፣ እና ማታውን እግሬን አጠበችኝ። እምቢ ብላት አልሰማ አለችኝ። እያጠበች «ገና ልጅ ነሽ እኮ» ትላለች፣ እኔም አለቀስኩ፣ አብረን አለቀስን። ለእንዳልክም ደውላለታለች፣ ጭነቱን አራግፌ እመጣለሁ ብሏል።

አሁን አንድ ክፉ ነገር ልንገርዎት፣ አይጣሉኝ። ካንሰር በሆነ ብያለሁ። በልቤ ነው ያልኩት፣ ግን ብያለሁ። ካንሰር ከሆነ ያለቅሱልኛል። ያኛው ከሆነ ብርጭቆዬን ይለዩታል።

እና ትላንት ሔቨን ሳለች። ሁለቴ ነው የሳለችው፣ ቆጥሬያለሁ። እናቷ ሥራ ስታድር ከኔ ጋር ነው የምትተኛው፣ አንገቴ ሥር ገብታ። እዚያች እብጠት ላይ እጇን አድርጋ «ፈትሌ፣ ኤግ!» ትለኛለች፣ እንቁላል መስሏት፣ እኔም አዎ ልፈለፍል ነው እላታለሁ፣ ትስቃለች። ከሳለች በኋላ ግን ከአልጋው ወርጄ ምንጣፉ ላይ ተኛሁ።

ሐምሌ 28 በመርፌ ወግተው ከውስጡ ይቀዳሉ። ይጸልዩልኝ። ሌላ ምን ልጻፍ።

ፈትለወርቅ


ሐምሌ 23 ቀን 2017
ሸዋሮቢት

ልጄ ፈትለወርቅ፣

እናትሽን ምች መትቶ ገደላት ብዬ ለሰው ያወራሁት እኔ ነኝ። ምች አልነበረም። ቲቢ ነበር። አክታዋን በገዛ ዓይኔ በማይክሮስኮፕ አይቻለሁ።

መዝገብ ላይ አላስገባኋትም። የድሬሰሩ ሚስት ሳምባዋ ታመመ እንዳይባል፣ መርፌ ሊወጋ ቤቴ የሚመጣ ሰው እንዳይቀርብኝ። መድኃኒቱን ከጤና ጣቢያው እየለቃቀምኩ ሳገኝ ሰጠኋት፣ ሳጣ አቋረጥኩባት። ሲቋረጥ የሚሆነውን በከተማው ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አንቺን ከስድስተኛ ክፍል ያስቀረሁሽ እንድታስታምሚያት ነው። አሥራ ሦስት ዓመትሽ ነበር። ብርድ እንዳይገባባት መስኮቱን ዝጊው እያልኩ ከእሷ ጋር የዘጋሁብሽም እኔ ነኝ። የተኛው ቲቢ ከየት መጣብኝ ብለሽ እንዳትደክሚ።

ክኒኑን አልጨረስሽም። አውቄዋለሁ። መዋሸቱንም ያስተማረሽ ቤቴ ነው።

አንገት ላይ ብቻ ያለ ከሆነ ወደ ሰው አይተላለፍም። ሳምባ ገብቶ እንደሆነ የሚታወቀው በራጅ ነው። ሕፃን አለች። መርፌው እስኪደርስ አትጠብቂ፤ ይህን እንዳነበብሽ ንገሪያቸው።

አባትሽ ሀብተጊዮርጊስ


ነሐሴ 2 ቀን 2017
ዴንቨር

ለአባዬ፣

ያንን ደብዳቤ ያነበብኩት ሔቨን ካርቱን እያየች ሶፋው ላይ ነው። ሁለቴ አነበብኩት። ሦስተኛውን አልቻልኩም። መስኮቱ ነው ያቃተኝ አባዬ። እማዬ ክፈቺው ትለኝ ነበር እኮ፣ አየር አየር ትለኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ አባዬ ብሏል ብዬ እምቢ እላት ነበር።

ስለሱ ዛሬ አልጽፍም። ያደረግኩትን ልንገርዎት።

ክኒኑን ያቋረጥኩት ሁዳዴ ሲገባ ነው። ጠዋት በውኃ ነው የሚዋጠው፣ እኔ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስም፣ እና ሃምሳ አምስት ቀን ላቆየውና ከፋሲካ በኋላ እቀጥላለሁ አልኩ፣ እግዜር አይቶልኝ ያቆይልኛል ብዬ። ጾም ይሽራል ያለኝ ሰው የለም፣ ራሴ ነኝ ያልኩት። የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው ዋጪ ይሉኝ ነበር፣ እንደሚሉኝም ስለማውቅ ነው ያልጠየቅኳቸው። ፋሲካ ሲያልፍ አፈርኩ። ከጤና ቢሮው ነርሷ ስትደውል ጨርሻለሁ አልኳት፣ ጎበዝ አለችኝ። አንዴ ጎበዝ ከተባልኩ በኋላ እንዴት ልመለስ።

ደብዳቤዎን ባነበብኩበት ቀን ክሊኒኩ ደወልኩ። ነይ አሉኝ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፣ አስተርጓሚ ተጠራ፣ አያድርስ ነው፣ ያው ድምፅ መጣ። ጤና ይስጥልኝ አለች። እኔም ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳልል «አልጨረስኩም፣ አንድ ወር እንኳ አልዋጥኩትም፣ ያን ጊዜ ዋሽቻለሁ፣ ቤት ውስጥ ሕፃን አለች» ብዬ አንድ ትንፋሽ ላይ ዘረገፍኩት። ሴትዮዋም በእንግሊዝኛ አለችው። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ቢሆንም ሰምቻታለሁ፣ ምንም አልጨመረችም፣ ምንም አልቀነሰችም። እሷ ትሁን ሌላ ዛሬም አላውቅም። ደክሞኝ ማወቁንም ተውኩት።

ሐኪሟ አልተቆጣችም፣ ብትቆጣኝ ነበር የሚሻለኝ። ያን ዕለት ራጅ አነሱኝ፣ መርፌውንም አስቀድመው ወጉኝ። ጨርሻለሁ ስላልኳቸው ሌላ ሌላውን ሲፈልጉ እንደነበረ ነገሩኝ።

ንገሪያቸው ላሉኝ፣ ለናዝራዊትም ነገርኳት። በሥራ ልብሷ ቆማ ሰማችኝ። የሔቨንን ትራስ ከአልጋዬ ላይ አንሥታ ወሰደች፣ በቃ። በማግስቱ ነው የመጣችብኝ።

«ቲቢ እኮ በክኒን የሚድን ነገር ነው! ሆስፒታል የምሠራ ሰው እኮ ነኝ፣ ማን መሰልኩሽ? ልጄን እኮ ነው ያስተኛሽው ፈትለወርቅ! ልጄን!»

«ይቅርታ።»

«ይቅርታ አትበይኝ። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ምኑ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ካንሰር ነው ብዬ እግርሽን ይዤ ሳለቅስ፣ አንቺም አብረሽኝ ማልቀስሽ።»

ለዚህ እርስዎ መልስ ካለዎት ይጻፉልኝ።

ሔቨንን ለምርመራ ወስዳታለች። ውጤቱ አልመጣም። በሯን ዘግታ ነው አሁን ከልጇ ጋር የምትተኛው፣ ሔቨን ከውስጥ ስትጠራኝ እሰማታለሁ።

ፈትለወርቅ


ነሐሴ 24 ቀን 2017
ዴንቨር

ለአባዬ፣

ደህና ነሽ ወይ ላሉኝ እንግዲህ እንደሚከተለው ነው። ቲቢ ነው። አንገቴ ላይ ብቻ ነው፣ ሳምባዬ ንጹህ ነው፣ ለማንም አላስተላለፍኩም። ሔቨንም ንጹህ ናት፣ ያ ሳል የጉንፋን ነበር፣ ለማረጋገጥ ሁለተኛ ጊዜ ያዩዋታል። ናዝራዊት ወረቀቱን ስታነብልኝ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ፣ እሷም አላነሳችኝም፣ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች እንጂ። ከዚያ «ተነሽ፣ ምሳ አልበላሽም» አለችኝ።

ብርጭቆዬን አልለየችውም። ሔቨንን ግን ዴይኬር አስገብታታለች፣ ይሻላታል፣ ከልጆች ጋር ትጫወት አለች፣ እኔም አዎ ይሻላታል አልኩ። ሁለታችንም ለምን እንደሆነ እናውቃለን። ቀን ቀን ቤቱ ባዶ ነው። እንዳልክ ዘግይቶ ነው የደረሰው፣ ነገሩን ሰምቶ ቤት በገባበት ቀን ጫማውን ሳያወልቅ «ሚስቴ ናት፣ ከፈለግሽ አብረን እንወጣለን» አላት እህቱን፣ እሷም ማን ውጡ አላችሁ ብላ ጮኸችበት፣ ከዚያ አብረው በሉ። በሦስተኛው ቀን ጭነት መጣለትና ሄደ።

ክኒኑ አራት ዓይነት ነው፣ ስድስት ወር ነው። በየጠዋቱ ስልኬን ከፍቼ ነርሷ እያየችኝ ነው የምውጠው፣ ምላስሽን አውጪ ትለኛለች፣ አወጣለሁ። ፍልሰታ ውስጥ ነበር የጀመርኩት። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፣ «መጠየቅ የነበረብሽ የካቲት ላይ ነበር» አሉኝ። እብጠቱ ገና አልቀነሰም፣ ጊዜ ይወስዳል አሉኝ። ሻሹን ግን ትቼዋለሁ።

አሁን የኔ ተራ ነው። ባለፈው ሳምንት ደምሰው ደብዳቤውን ሰጥቻቸዋለሁ ብሎ በድምፅ ልኮልኝ ነበር፣ እርስዎ አጠገቡ ተቀምጠው ነበር መሰለኝ። ከኋላ ሳል ሰማሁ። ደግሜ ደግሜ ከፈትኩት። ያንን ሳል አውቀዋለሁ አባዬ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ከእማዬ ሳዳምጠው የነበረ ሳል ነው። ስንት ሳምንት ሆነዎት? ደረቅ ነው ወይስ አክታ አለው? ላብስ? ቀበቶዎ ላይ አዲስ ቀዳዳ በስተዋል ወይ? አንገትዎን፣ ብብትዎን በራስዎ እጅ ዳብሰዋል? እናትሽን ያስታመምሽው አንቺ ነሽ አሉኝ፣ ከኔ ሌላ እዚያ ቤት ውስጥ ማን ያድር ነበር?

ይቅር ብዬዎታለሁ ብዬ ለመጻፍ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ። አልወጣልኝም። ገና ነው፣ ይቆይ። መጀመሪያ ግን ነገ ጠዋት አፍዎ ምንም ሳይነካ የመጀመሪያዋን አክታ ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። እንዴት እንደሚሰጥ ለርስዎ አልነግርዎትም።

ልጅዎ ፈትለወርቅ